የዕጩ ቃልና የመሀል ከተማ ዕድል
የዲትሮይትን ከተማ ምሳሌ በማድረግ የቀረበ ጥናት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የከተማ አስተዳደርን ጉዳይ ለማጥናት የምንሞክር ተማሪዎችም ይህን ምክር ልንከተለው ይገባናል። ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ በሚመረጥባቸው አገሮች ምርጫ በደረሰ ቍጥር ዕጩዎች እየተነሡ «የመሀል ከተማውን ፀጥታ አስከብራለሁ፤ የሞተውን ንግድ አስነሣለሁ» ይላሉ። ቃሉ ያማረ ነው። የሚቃወመውም የለም፤ ጨለማንና ሌባን የሚወድ ማን አለ? ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የሚቃወመው የሌለ ቃል የሚመረምረውም ሰው ያጣል። ሳይመረመርም ድምፅ ይሰጥበታል።

በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ ያሰብነው እንዲህ ያለውን ቃል ከነሥሩ መመርመር ነው። ለምርመራውም ሦስት ጥያቄዎች አዘጋጅተናል። አንደኛ፣ ፀጥታን አስከብራለሁ የሚል ዕጩ ይህን ለማድረግ በእጁ ምን ሥልጣን አለው? ሁለተኛ፣ ፀጥታና ንግድ በምን ይያያዛሉ? ሦስተኛ፣ ከተማው በእርግጥ ቢታደስ የታደሰው ለማን ነው? ለምሳሌነት የመረጥነው በአሜሪካ የሚገኘውን የዲትሮይትን ከተማና በ2013 የተደረገውን የከንቲባ ምርጫ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ከተማው ከማንም ይልቅ ወድቆ የነበረ፣ የተሰጠው ተስፋም በቍጥር ሊመዘን የሚችል፣ ከምርጫውም ወዲህ ለፍርድ የሚበቃ ዓመት ያለፈ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ከተማው እንዴት ወደቀ

ዲትሮይት በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ከካናዳ በሚለየው ወንዝ ዳር የተቈረቈረ ከተማ ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1903 ኩባንያቸውን ካቋቋሙ ወዲህ የአውቶሞቢል ሥራ ዋና ስፍራ ሆነ። ከአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁሮች፣ ከአውሮፓም ድሆች፣ እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ጎረፉ። በ1950 በተደረገው ቈጠራ 1,849,568 ነዋሪዎች ነበሩት። በ2010 ግን የቀሩት 713,777 ብቻ ናቸው። ይህም ማለት በስልሳ ዓመት ውስጥ ከመቶው ሕዝብ 61 እጅ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ጦርነት ወይም ቸነፈር ባልነበረበት አገር ይህን ያህል ሕዝብ ያጣ ታላቅ ከተማ ጥቂት ነው።

የዚህ ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ሰዎች በሐምሌ 1967 የተነሣውንና 43 ሰዎች የሞቱበትን ሁከት ይጠቅሳሉ። ሁከቱ ብዙ ጉዳት ማድረሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሥሩ ከዚያ በፊት የነበረ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ሱግሩ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ከ1947 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ውስጥ ከተማው 134,000 የፋብሪካ ሥራዎች አጥቶ ነበር። ፋብሪካዎቹ ሰፊ መሬትና ርካሽ ሠራተኛ ወዳለበት ወደ ገጠሩና ወደ ሌላው ክፍለ ግዛት ይሄዱ ጀመር። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የቤት መሥሪያ ብድር ደግሞ ከከተማው ውጭ ለሚሠፍሩ ነጮች በቀላሉ ሲሰጥ ጥቁሮች ግን ይከለከሉ ነበር። በዚህ ላይ ሰፋፊ መንገዶች ሲሠሩ የተመረጠው ቦታ የጥቁሮች ሰፈርና የንግድ ቤቶቻቸው የነበሩበት ነው። ብላክ ቦተም ይባል የነበረው ሰፈርና የሄስቲንግስ ጎዳና ሱቆች እንዲህ ሆነው ፈረሱ። መንገዱም ነጩን ነዋሪ ከከተማው ይዞት ወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአገራችን የዕድር ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አሥር አባሎች ያሉት ዕድር ድንኳን ገዝቶ፣ ሳህንና ድስት አከማችቶ፣ ዘበኛ ቀጥሮ ይኖራል እንበል። ከአሥሩ ስድስቱ ሰፈር ቢለቁ ድንኳኑ አያንስም፤ የዘበኛውም ደመወዝ አይቀንስም። የቀሩት አራቱ፣ ያውም ድሆቹ፣ የአሥሩን መዋጮ ሊከፍሉ ይገደዳሉ። ይህ ሲከብዳቸው ከአራቱ ሌላ አንድ ይወጣል። ዲትሮይትም እንደዚሁ ሆነ። ስፋቱ እንደ ቀድሞው 139 ካሬ ማይል ነው። መንገዱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የመብራት ምሰሶው፣ ጡረታ የሚከፈለው የቀድሞ ሠራተኛ ሁሉ እንዳለ ነው። ከፋዩ ግን ሄደ። ግብር ሲጨመር ሌላው ይሄዳል፤ ሌላው ሲሄድ ግብር ይጨመራል፤ አገልግሎትም ይቀንሳል። ስለዚህ ጨለማውና ወንጀሉ የውድቀቱ መነሻ ብቻ ሳይሆኑ ውጤቱም ጭምር ናቸው።

2. ከዚያ በፊት የተሞከሩት መድኃኒቶች

ከተማውን ለማንሣት ቀድሞ ሙከራ አልተደረገም ማለት አይቻልም። ሄንሪ ፎርድ ሁለተኛ ባለሀብቶችን አስተባብረው በወንዙ ዳር ረዣዥም ሕንፃዎች አሠሩ፤ እነዚህም በ1977 ተመረቁ፤ ስማቸውም የትንሣኤ ማዕከል ማለት ነው። ሕንፃዎቹ ግን እንደ ምሽግ ከጎዳናው የተለዩ ስለ ነበሩ በውስጣቸው የሚሠራው ሰው በመኪና ገብቶ በመኪና ይወጣል እንጂ በመንገዱ ላይ ካሉት ሱቆች አይገዛም ነበር። በ1987 በመሀል ከተማው ዙሪያ ብቻ የሚዞር የአየር ላይ ባቡር ተከፈተ። በ1999ና በ2000 ሦስት የቁማር ቤቶች ሥራ ጀመሩ። በአንጻሩ ሃድሰን ይባል የነበረው ታላቅ የገበያ ሕንፃ በ1983 ተዘግቶ በ1998 በፈንጂ ፈረሰ። የባቡር ጣቢያውም ከ1988 ጀምሮ ባዶውን ቆመ።

ከነዚህ ሙከራዎች የምንማረው አለ። ሁሉም አንድ ትልቅ ነገር ከተሠራ ሌላው በራሱ ይከተላል ከሚል አሳብ የተነሡ ናቸው። ነገር ግን ሕንፃ ቢቆም በሕንፃውና በቤቱ መካከል ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ ሰው አይመጣም። አውቶቡስ ካልመጣ ሠራተኛ አይደርስም። ፖሊስ ካልደረሰ ባለሱቅ በጊዜ ዘግቶ ይሄዳል። የመሀል ከተማ ንግድ ቆሞ የሚሄደው በነዚህ ተራ በሚመስሉ ነገሮች ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ የአስተዳደር ብልሹነት ነበረ። ከ2002 ጀምሮ ከንቲባ የነበሩት ክዋሚ ኪልፓትሪክ በ2008 በወንጀል ተከሰው ጥፋታቸውን አምነው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2013ም በሙስና የ28 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2021 ፕሬዚዳንቱ ቀሪውን ቅጣት አንሥተውላቸዋል። እንግዲህ ሕዝቡ የዕጩን ቃል አላምንም ቢል የሚያስገርም አልነበረም።

3. የ2013 ምርጫ

በመጋቢት 2013 የሚሺጋን ገዢ ከቪን ኦር የሚባሉትን የሕግ ባለሙያ የከተማው የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙ። ሐምሌ 18 ቀን 2013 ከተማው ዕዳውን መክፈል አለመቻሉን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዕዳው 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን በአሜሪካ ታሪክ ከደረሰው የከተማ ኪሳራ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ዓመት በሰኔ ለአበዳሪዎች ባቀረቡት መግለጫ ውስጥ የሚከተለው ይገኛል። ከመንገድ መብራቶች ከመቶ 40 እጅ ያህሉ አይሠሩም። 78,000 ያህል ሰው አልባ ሕንፃዎች አሉ። ለከባድ አደጋ የተጠራ ፖሊስ በአማካይ በ58 ደቂቃ ይደርሳል፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ግን አማካዩ 11 ደቂቃ ነው።

የከንቲባው ምርጫ የተካሄደው በዚህ መካከል ነው። ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የከተማው ፖሊስ አዛዥ የነበሩትና ያን ጊዜ የወረዳው ሸሪፍ የሆኑት ቤኒ ናፖሊዮን ናቸው። የሚስተር ናፖሊዮን ዋና ተስፋ ፀጥታ ነበር። ከተማው 139 ካሬ ማይል ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ካሬ ማይል ኀላፊ የሚሆን አንድ ፖሊስ እመድባለሁ፤ ነዋሪው ፖሊሱን በስሙ ያውቀዋል፤ ይጠራዋል አሉ። ሁለተኛው ማይክ ዱጋን ሲሆኑ ቀድሞ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ በኋላም በኪሳራ ላይ የነበረ የሆስፒታሎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የሚስተር ዱጋን ተስፋ ደግሞ የተበላሸን ድርጅት ማቃናት እችላለሁ የሚል ነበር፤ መብራቱን፣ አውቶቡሱን፣ ፖሊሱንና የፈረሱትን ቤቶች አስተካክላለሁ አሉ።

በምርጫው ሂደት አንድ የሚያስገርም ነገር ደረሰ። የከተማው ቻርተር ዕጩ የሚሆን ሰው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት አንድ ዓመት በከተማው እንዲኖር ያዛል። ሚስተር ዱጋን ማመልከቻቸውን ያስገቡት ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ስለ ነበረ ፍርድ ቤቱ ስማቸው ከድምፅ መስጫው ወረቀት እንዲሠረዝ ወሰነ። ቢቸኩሉ ተሠረዙ። ነገር ግን ሕጉ መራጩ በወረቀቱ ላይ ያልታተመን ስም በእጁ እንዲጽፍ ይፈቅድለት ነበርና ከቤት ቤት እየዞሩ በየሳሎኑ ሰው እየሰበሰቡ ስማቸውን እንዲጽፉላቸው ለመኑ። በነሐሴ በተደረገው የማጣሪያ ምርጫ ከማንም የበለጠ ድምፅ አገኙ። በኅዳር በተደረገው የመጨረሻ ምርጫም ከመቶ 55 እጅ ድምፅ በማግኘት አሸነፉ። ከመቶው ነዋሪ ከ80 በላይ የሚሆነው ጥቁር በሆነበት ከተማ ከ1974 ወዲህ የመጀመሪያው ነጭ ከንቲባ ሆኑ። መራጩ በዘር ሳይሆን በመብራትና በአውቶቡስ ፈረደ ያሉ ብዙዎች ናቸው። የባለሀብቶች ገንዘብ ረዳቸው ያሉም አልጠፉም። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን እናንሣ፤ ዕጩው በእጁ ምን ነበረው? ሚስተር ዱጋን በጥር 2014 ሥራ ሲጀምሩ የፖሊስና የገንዘብ ጉዳይ በሥራ አስኪያጁ እጅ ነበር። ማለትም «ፀጥታን አስከብራለሁ» ብሎ የተመረጠው ሰው ሥራውን ሲይዝ ፖሊስን የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ሙሉ ሥልጣን ወደ ተመረጡት ሰዎች የተመለሰው በዓመቱ መጨረሻ ከተማው ከኪሳራው ሲወጣ ነው። ስለዚህ መራጭ ዕጩን ሲጠይቅ «ምን ልታደርግ ታስባለህ?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ለማድረግ ሕጉ ይፈቅድልሃል ወይ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ማለት አለበት።

4. ቃሉ ወደ ሥራ ሲለወጥ

ሀ. መብራት። ከሥራዎቹ ሁሉ ግልጽ የሆነው ይህ ነው። መብራቶቹ የጠፉት አምፑል ስላጣ ብቻ አይደለም። ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ከመሬት እየጎተቱ ይሸጡት ነበር። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው የመብራት ባለሥልጣን በ185 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብድር መላውን መስመር እንደ አዲስ ሠራ። በመዳብ ፈንታ ለሌባ ዋጋ የማያወጣ አሉሚኒየም ተዘረጋ። በታኅሣሥ 2016 65,000 አዳዲስ መብራቶች ተተክለው ሥራው ተፈጸመ። ቀድሞ 88,000 ያህል ምሰሶዎች ነበሩ፤ አዲሶቹ ያነሱት በጓሮ መተላለፊያዎች የነበሩት ስለ ተተዉና ሰው በሚኖርባቸው ጎዳናዎችና በየማዕዘኑ ብቻ እንዲተከሉ ስለ ተወሰነ ነው። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ወንጀልን መከላከል ማለት ሁልጊዜ ሌባን ማሳደድ እንዳልሆነ፤ የሚሰረቀውን ነገር መለወጥም መከላከል እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ መብራቱ የተተከለው በመሀል ከተማው ብቻ ሳይሆን በመላው ከተማ መሆኑ ነው።

ለ. ፖሊስና ካሜራ። በጥር 2016 ፖሊስ ከስምንት የነዳጅ ማደያዎች ጋር ተስማምቶ «አረንጓዴ መብራት» የሚባል ዕቅድ ጀመረ። ባለንግዱ በራሱ ገንዘብ ካሜራና ጥሩ መብራት ያስገባል፤ ፖሊስም ምስሉን ከማዕከሉ ሆኖ ያያል፤ በበሩም ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል። በኋላም በመቶ የሚቈጠሩ ንግድ ቤቶች ገቡበት። ሌሊት ነዳጅ ለመቅዳት ይፈራ የነበረ ሰው በዚህ ተጽናንቷል። ነገር ግን የሚከፍል ባለሱቅ በቅርብ የሚታይ፣ የማይከፍል የሚዘነጋ ከሆነ ፀጥታ የሕዝብ መብት መሆኗ ቀርቶ ሸቀጥ ትሆናለች። ፖሊስ ደግሞ ከካሜራ በተገኘ ምስል የሰውን ፊት በመሣሪያ መለየት ሲጀምር አደጋው ታየ። በጥር 2020 አንድ ጥቁር ሰው መሣሪያው ስለ ተሳሳተ ባልሠራው ስርቆት በቤተ ሰቡ ፊት ተይዞ ታሰረ። ክሱ በ2024 በስምምነት ሲያልቅ ፖሊስ በመሣሪያው ውጤት ብቻ ተነሥቶ ሰው እንዳይዝ ደንብ ወጣ። ፀጥታ የሚጠበቅለት ሰውና ፀጥታው የሚነሣው ሰው አንድ ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሐ. ንግድ። በዚህ ረገድ ከከንቲባው በፊት የተጀመረ ነገር እንዳለ ሳንናገር ብናልፍ ሐቁን እናጓድላለን። ዳን ጊልበርት የተባሉት ባለሀብት የብድር ኩባንያቸውን በ2010 ወደ መሀል ከተማው አዛውረው ባዶ ሕንፃዎችን በርካሽ ይገዙ ጀመር፤ ከጊዜ በኋላ ከመቶ በላይ ሕንፃዎች ያዙ። የራሳቸውን ዘበኞችና ካሜራዎችም አቆሙ። በ2017 በዋናው ጎዳና ላይ የከተማ ባቡር ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ታላቅ የስፖርት ቤት ተከፈተ፤ ለዚህም ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ገባበት። የፎርድ ኩባንያ ሰላሳ ዓመት ባዶ የቆመውን የባቡር ጣቢያ በ2018 ገዝቶ ካደሰ በኋላ በሰኔ 2024 ከፈተው። በአዲሱ ምርጫ ዋዜማ ሰው የማያልፍባቸው የነበሩ ጎዳናዎች ዛሬ ምግብ ቤትና ቢሮ ሞልቶባቸዋል።

ፀጥታና ንግድ በምን ይያያዛሉ ላልነው ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ግንኙነቱ በሁለት ወገን የሚሄድ ነው። መብራት ሲኖር ሰው ይወጣል፤ ሰው ሲወጣ ሱቅ ይከፈታል፤ ሱቅ ሲከፈት በመንገዱ ላይ የሚያይ ዐይን ይበዛል፤ ዐይን በበዛበት ደግሞ ሌባ ይሸሻል። ነገር ግን ይህ ዙር በራሱ አይነሣም፤ የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚያወጣ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ገንዘብ ያወጣው ባለሀብት ሲሆን ዙሩ እሱ ወዳለበት ሰፈር ያዘነብላል።

5. የታደሰው ለማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። በጥናታችን ጊዜም እርስ በርሳችን ያከራከረን ይህ ነበር።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ያሉት ይህ ነው፤ ከተማ ግብር ከሌለው ትምህርት ቤትም አውቶቡስም የለውም፤ ግብር የሚከፍል ሀብታም ቢመጣ ድሃውም ይጠቀማል፤ ስለዚህ መሀል ከተማው ቢቀድም ነውር የለውም። ሌሎቻችን ግን የሚከተሉትን ነገሮች አነሣን። በመሀል ከተማው ግሪስዎልድ በሚባለው ጎዳና ላይ መንግሥት በኪራያቸው የሚረዳቸው ድሆች አረጋውያን የሚኖሩበት ሕንፃ ነበረ። በ2013 ከመቶ በላይ ለሚሆኑት ነዋሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲለቁ ተነገራቸው፤ ሕንፃውም ታድሶ ለወጣት ቅጥረኞች በከፍተኛ ኪራይ ወጣ። እነዚህ ሽማግሌዎች በጨለማው ዘመን መሀል ከተማውን ሳይለቁ የቆዩ ናቸው። መብራት ሲመጣ ተሰናበቱ።

በ2014 ደግሞ የውሃ ዕዳ ያለባቸው በሺህ የሚቈጠሩ ቤቶች ውሃቸው ተቈረጠ። ከተማው ከኪሳራው ሲወጣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ዕዳ ቢሠረዝለትም የዕዳው ሸክም ከፊሉ በጡረተኞች ላይ ወደቀ፤ የብዙዎቹ ጡረታ ከመቶ 4.5 ተቀነሰ፤ በየዓመቱ ለኑሮ ውድነት ይጨመርላቸው የነበረውም ቀረ። የሙዚየሙ ሥዕሎች እንዳይሸጡና ጡረታው ከዚህ የበለጠ እንዳይቀነስ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰጡት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ሙዚየሙና ክፍለ ግዛቱ መሆናቸውን ግን መመስከር ይገባል። ከሁሉም የሚያሳዝነው የቤት ግብሩ ነገር ነው። የቤት ዋጋ ወድቆ ሳለ የግብር ግምቱ እንደ ቀድሞው ስለ ቀረ ከ2010 እስከ 2016 የቤት ባለቤቶች ከሚገባው በላይ ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር መክፈላቸውን አንድ የከተማው ጋዜጣ በ2020 መርምሮ ጽፏል። መክፈል ያቃተው ቤቱ ተሸጠበት። ለትልቅ ሕንፃ ሠሪ የግብር ምሕረት በሚሰጥበት ከተማ ድሃው ከሚገባው በላይ ሲከፍል መኖሩ በማንኛውም ሚዛን የሚደገፍ አይደለም። ግምቱ ለመላው ከተማ እንደ አዲስ የተደረገው በ2017 ነው።

ሕዝቡም ዝም አላለም። በኅዳር 2016 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ፣ 75 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሚፈጅና የመንግሥት ድጋፍ የሚጠይቅ ሥራ የሚጀምር ባለሀብት ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ጥቅማቸው እንዲነጋገር የሚያዝ ደንብ ጸደቀ። በዚያው ዕለት የበለጠ ጥብቅ የሆነ ሌላ ደንብ ቀርቦ ነበር፤ እሱ ግን ወደቀ። ቢሆንም መነጋገርን ግዴታ ማድረጉ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

6. ሚዛኑ

ሚስተር ዱጋን ራሳቸው ከንቲባ ሊፈረድበት የሚገባው የከተማው ሕዝብ ጨመረ ወይስ ቀነሰ በሚለው ነው ብለው ነበር። ለራስ ሚዛን መስጠት ከፖሊቲከኛ የማይጠበቅ ድፍረት ነውና በራሳቸው ሚዛን እንመዝናቸው። በ2020 ቈጠራ ሕዝቡ 639,111 ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከ2010 ያነሰ ነው። ከንቲባው ቈጠራው ተሳስቷል ብለው ተከራከሩ። በ2024 የወጣው የመንግሥት ግምት ግን ሕዝቡ በ2023 በ1,852 ሰው ጨምሮ 633,218 መድረሱን ገለጠ። ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያው ጭማሪ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ሚዛኑ ወደ እሳቸው አጋደለ።

ወንጀልን በተመለከተ፣ በ2012 በከተማው 386 ሰዎች ተገድለው ነበር። በ2023 ቍጥሩ ወደ 252 ወረደ፤ በ2024 ደግሞ 203 ሆነ። የ2023ቱ ቍጥር ከ1966 ወዲህ ዝቅተኛው ነው ተብሎ በደስታ ተነገረ። እዚህ ላይ ግን ተማሪ የሆነ ሰው ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። በ1966 ከተማው በ2023 ከነበረው ሕዝብ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበረው። ስለዚህ የሟቾቹ ቍጥር ተመሳሳይ ቢሆንም ለአንዱ ነዋሪ ያለው አደጋ ተመሳሳይ አይደለም። ትክክለኛው ንጽጽር በ100,000 ሰው ነው፤ እንዲህ ሲሰላ በ2012 ወደ 55 የነበረው በ2023 ወደ 40 ወርዷል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ የድል አዋጁ ግን ከመሻሻሉ ይበልጣል። በዚህ ላይ በ2020 በወረርሽኙ ዘመን ግድያ እንደ ገና ጨምሮ እንደ ነበር፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጭምር እንደ ቀነሰ ማስታወስ ያሻል። ዝናብ በሁሉም ማሳ ላይ ሲዘንብ የአንዱ ገበሬ ጸሎት ብቻ አዘነበው አይባልም።

ሕዝቡ ግን በበኩሉ ፈርዷል። በ2017ና በ2021 ሚስተር ዱጋንን መልሶ መርጧል። በኅዳር 2025 በተደረገው ምርጫ ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ የከተማው ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩት ሜሪ ሸፊልድ ተመርጠው በጥር 2026 የዲትሮይት የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ።

7. የምንወስደው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ በኋላ በመካከላችን የነበረው ክርክር ሙሉ በሙሉ አላበቃም። ነገር ግን በሚከተሉት ሁሉም ተስማምተናል። የዕጩ ቃል የሚለካና ቀን የተቈረጠለት ካልሆነ ቃል አይባልም፤ «መብራቱን አበራለሁ» የሚለው ሊመረመር ይችላል፤ «ከተማውን አሳምራለሁ» የሚለው ግን አይችልም። ቃሉን የሚሰጠው ሰው ሥልጣኑንና ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ አብሮ መናገር አለበት። መሀል ከተማ ከሌላው ሰፈር ተለይቶ ቢታደስ ያው እንደ ምሽጉ ሕንፃ ይሆናል፤ ውስጡ የሞቀ፣ ዙሪያው የጨለመ። ፀጥታም ቢሆን የድሃው አሮጊት ጭምር ካልሆነች ሙሉ ፀጥታ አይደለችም።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለመራጭም የሚሠራ ምክር ነው። ሣሩን አትብላ ማለት አይደለም፤ ሣር ያስፈልጋል። ገደሉ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለጥናት ክበባችን የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. አንድ ከተማ ገንዘቡ ለሁሉም ሰፈር የማይበቃ ቢሆን በመጀመሪያ መብራት ሊተከል የሚገባው የት ነው? በምን ምክንያት?

2. ባለንግዶች በራሳቸው ገንዘብ የሚያስጠብቁት ፀጥታ የሕዝብን ፀጥታ ይደግፋል ወይስ ይተካል?

3. በጨለማው ዘመን ከተማውን ሳይለቅ የቆየ ነዋሪ ከተማው ሲታደስ ልዩ መብት ሊኖረው ይገባል? ይገባል ካልን በምን ዐይነት ሕግ ሊጠበቅ ይችላል?

አንባቢዎቻችን በነዚህ ላይ የሚሰጡንን አሳብና የሚነቅፉንን ነቀፌታ በሚቀጥለው ስብሰባ በደስታ እንቀበላለን።